የዘጠኝ ቁጥሩ ከረጢት

እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት የእግር ኳስ ቡድን ልብስ ስታጥብ ኖራለች። ቁጭ ብላ ጨዋታ ያየችበት ቀን ግን አልነበረም። «ምን ያደርግልኛል? ሰኞ ጠዋት ልብሱ ይነግረኝ የለ» ትላለች። እውነትም ይነግራት ነበር።

የምትሠራበት ክፍል ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ነው። ጣሪያው ወደ ጥጉ ያዘቀዘቀ ስለሆነ ረጅም ሰው እዚያ ሲደርስ አንገቱን ይደፋል። ሁለት ማጠቢያ ማሽኖች አሉ። አንደኛው ሲጨምቅ ከቦታው እየተንፏቀቀ ወደ በሩ ስለሚመጣ በድንጋይ ተደግፎ ነው የሚሠራው። ሌላው ዕቃ የሲሚንቶ ገንዳ፣ የመተኮሻ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ቁጥር የተጻፈላቸው ምስማሮች ናቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥሩ የተሰፋበት የመረብ ከረጢት አለው። ከልምምድ በኋላ ማልያውን፣ ቁምጣውንና ካልሲውን እዚያ ከትቶ በሩ አጠገብ ያለው ሣጥን ውስጥ ይጥላል። ከረጢቱ የተሠራው ሳይፈታ ከነልብሱ ማሽን እንዲገባ ነው። እህቴ ግን አንዱንም ሳትፈታ አታጥብም። አውጥታ፣ ገልብጣ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ካላየች እጇ ውሃ አይነካም።

እኔ ከእሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ኳስ አወጣለሁ፣ ኳስ አስገባለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ከልብሶቹ ጋር ስታወራ እሰማታለሁ።

«ሦስት ቁጥር፣ ዛሬም አልሮጥክም አይደል? አንገትህ ላይ ጨው የለም።»

«አሥራ አንድ፣ ይቺ የሣር አረንጓዴ አይደለችም፤ የቀለም ናት። የማንን አጥር ስትዘል ነው?»

ተጫዋቾቹ «መርማሪዋ» ይሏታል። አንድ ጊዜ ግብ ጠባቂው የአክስቴ ቀብር ነው ብሎ ሁለት ቀን ቀርቶ ሲመለስ፣ ካልሲው ውስጥ ነጭ አሸዋ አገኘችና በቡድኑ ፊት «አክስትህን የቀበራችኋት ባሕር ዳርቻ ነው እንዴ?» ብላ አስቃበታለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ስንጥር አለ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይተርተዋል፤ እህቴ ስንጥሩን አውጥታ ታሳያለች። ባሏ ጥሏት የሄደ ዕለት እንኳ አልደነገጠችም። «ከሦስት ወር በፊት ሸሚዙን ራሱ መተኮስ ሲጀምር ነው ያወቅኩት» አለችኝ።

በዚያ ዓመት ዘጠኝ ቁጥሩ ተጎዳ። አጥቂያችን ነበር፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ቆሻሻ ካልሲውን ሳይቀር አጥፎ ከረጢቱ ውስጥ የሚያስገባ። ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ በድንገት ቆመና የቀኝ ጭኑን ከኋላ በኩል ያዘ። የነካው ሰው አልነበረም። ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚህ ነው። ደም የለ፣ ስብራት የለ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሲራመድ ደህና ይመስላል። የቡድኑ ወጌሻ ግን ጡንቻው ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፣ ቢያንስ አሥር ሳምንት ያስፈልገዋል ብሎ ጻፈ።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ጨዋታ ቀረን። ካሸነፍን እንተርፋለን፤ ካላሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ እንወርዳለን። የዘጠኝ ቁጥሩ ውልም የሚያልቀው በዓመቱ መጨረሻ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ የሰፋቸው ጋዜጠኛው ነው።

ጋዜጠኛው እህቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የሬዲዮ ሰው ነው። አመሻሽ ላይ የሚተላለፍ የአንድ ሰዓት የስፖርት ዝግጅት አለው። ዘጠኝ ቁጥሩን «የአልጋው አጥቂ» ብሎ ስም አወጣለት። ዝግጅቱን «ዛሬ አጥቂያችን በየትኛው ጎኑ ተኝቶ ይሆን?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል። አንዱ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ገበያ መሃል ሲሄድ ምንም አይለውም ይላል። ሌላው ከሌላ ክለብ ጋር ጨርሷል፣ እግሩን እየቆጠበላቸው ነው ይላል። ጋዜጠኛው በመጨረሻ «እኔ አላልኩም፤ ያላችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ ይዘጋል።

ነገሩ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። አሰልጣኙ ልጁ ከመኪና ሲወርድ በየትኛው እግሩ እንደሚረግጥ በመስኮት ሲያጮልቅ አይቼዋለሁ። እኔም ራሴ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደረጃ ሲወጣ ከኋላው ቆሜ እርምጃውን ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።

እህቴ ግን እስከዚያ ድረስ ታዝንለት ነበር። በልምምድ ላይ ስላልነበረ ዘጠኝ ቁጥር ከረጢት ሰባት ሳምንት ሙሉ ምስማሩ ላይ ባዶውን ተንጠልጥሏል። በመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ግን ሣጥኑ ውስጥ ሙሉ ሆኖ አገኘችው። ማልያው በላብ ርሷል። ቁምጣው አፈር ነክቶታል። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ።

ወደ እኔ ክፍል ማልያውን ይዛ መጣች።

«አሽት።»

«እትዬ፣ ተይኝ እስቲ።»

«አሽት አልኩህ። የማነው?»

«ዘጠኝ ይላል።»

«ሰባት ሳምንት ሙሉ አንጀቴን ሲበላኝ የነበረው ልጅ በስውር ይሮጣል። ጤነኛ ነው። ያ ለፍላፊ እውነቱን ኖሯል።»

ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል፣ ለማንም አትንገሪ አልኳት። ግን እኔ ስናገር ድምፄ ስለማይሰማ ነው መሰለኝ፣ የሰማችኝ አይመስለኝም።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ በረንዳዋ ላይ የተቀደደ ማልያ ስትጠግን ጋዜጠኛው ከሥራ ተመለሰ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«እትዬ፣ መርማሪዋ የሚሉዎት ለቀልድ ነው አይደል?» አላት።

«ለምን ለቀልድ ይሆናል?»

«ከተማው ሁሉ ያወቀውን እርስዎ እዚያው ውስጥ ውለው አላዩማ።»

«ማን ነው አላየችም ያለህ?»

ጋዜጠኛው ጫማውን ቀስ ብሎ መፍታት ጀመረ። መጠበቅ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እህቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «ተኝቷል ስትል ትውላለህ። የተኛ ሰው ማልያውን በላብ ያርሳል እንዴ?» አለች።

ያን ያህል ነው ያለችው። በማግስቱ በሬዲዮ ግን ያን ያህል አልነበረም። «ከክለቡ ውስጥ የታመነ ምንጫችን እንዳረጋገጠልን» አለ ጋዜጠኛው፣ «ተጎዳ የተባለው አጥቂ በየቀኑ በስውር ልምምድ ይሠራል። ልብሱ በላብ ሲታጠብ ከርሟል።» ሐሙስ ጠዋት ደጋፊዎች በሩን ሞልተውት ነበር። አንዱ ፍራሽ ተሸክሞ መጥቶ በሩ ላይ ጣለው። የክለቡ ሊቀመንበር ልጁን ቢሮ አስጠርቶ፣ እሁድ ለጨዋታው ካልገባህ ውልህን አፍርሼ ስምህን በየጋዜጣው አወጣለሁ አለው።

ዘጠኝ ቁጥሩ ከዚያ ሲወጣ ወጌሻው ተከተለው፤ በእኛ ኮሪደር ሲያልፉም ተጣሉ። በስሱ ግድግዳ እኔም እህቴም እየሰማን ነበር።

«አንተ ነህ!» አለ ልጁ። «ጎሕ ሲቀድ ሜዳው ላይ ከእኔና ካንተ በቀር ማን አለ?»

«በልጆቼ እምላለሁ።»

«የልጆችህን ስም አትጥራ! በቃ፣ እሁድ እገባለሁ ብያለሁ። ደስ ይበላችሁ።»

«ብትገባ ይለቃል። ከአጥንቱ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ እንዳያመልጥህ እንኳ አትሮጥም። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«አንተ የምትፈራው ስለ ጻፍከው ወረቀት ነው። እኔ እየዳንኩ ነው።»

እግራቸው ራቀ። እኔም ወደ እህቴ ክፍል ሄድኩ። ስገባ የዚያን ቀኑ ዘጠኝ ቁጥር ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ፣ እሷ ሁለት ካልሲ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ና እይ» አለችኝ። «የግራው ከጫማው ውስጥ ቀለም ጠጥቶ ጠቁሯል። የቀኙ ጣቶቹ ጋ ትንሽ ከመጥቆሩ በቀር ገና እንደ ተኮስኩት ነው። ይሄ ልጅ በቀኙ በደንብ አልረገጠም።» ቁምጣውን አነሳች። «ተንሸራቶ የወደቀ ሰው አፈሩ ጎኑ ላይ ነው የሚሆነው። ይሄ ግን ከፊት፣ ከግርጌው ላይ ነው። ተንበርክኮ ነው።» ከዚያ የማልያውን አንገትጌ ዘረጋችው። የጥርስ ሥራ ነበር፤ ጨርቁ ተበስቷል። «ይሄ ሰኞም ነበር። አይጥ ነው ብዬ ሰፋሁት።»

ተቀመጠች። እህቴን በሥራ ሰዓት ተቀምጣ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ አብረኸኝ ትመጣለህ» አለች።

ዓርብ ማለዳ ከልምምድ ሜዳው ዳር፣ ሊደርቁ ከተሰጡት ልብሶች ኋላ ቆምን። ወጌሻው የሰዓት መቁጠሪያ ይዞ ቆሟል። ዘጠኝ ቁጥሩ ከመስመሩ ተነሥቶ መሮጥ ጀመረ። መሮጥ ከተባለ ነው። በግራው እየዘለለ ቀኙን እየጎተተ ጥቂት ሄደና በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ በአንድ ክርኑ ተደገፈ። ማልያውን ወደ አፉ ሳበ። ከውስጡ የወጣውን ድምፅ እኛ ካለንበት ሰማነው።

እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አይተውን ይሆን እንዴ? እያስመሰሉ ይሆን?» አለችኝ።

«ለማን ብለው እትዬ?»

«እኔ እንጃ። ጠይቄ ነው።»

«ድገም» አለ ልጁ ከመሬት።

«አልደግምም» አለ ወጌሻው።

እህቴ ያሰጣችውን ፎጣ ገለጥ አድርጋ ወጣችና ሜዳውን አቋርጣ ቀጥ ብላ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«እኔ ነኝ» አለች ፊታቸው ቆማ። «ለጋዜጠኛው የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልብስህን አይቼ ነው። በክፋት አይደለም፤ ግን አፌ አላረፈም።»

ወጌሻው ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። «የእግሩን ወለምታ ለእኔ ተይው» አላት፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል አልሰማሽም?» ቀጥሎ ወደ ልጁ ዞሮ «አሁንስ አመንከኝ?» አለው። ልጁ ግን ወደ እህቴ ዞረ።

«እርስዎ ኖት?» አላት፣ እንደ ተንበረከከ። «እናቴ ሬዲዮ ዘግታ አታውቅም ነበር። ያደግኩት ሬዲዮ በሚጮኽበት ቤት ነው። አሁን ስደውልላት ከኋላዋ ምንም አይሰማም።»

«እሁድ አትግባ ልጄ። እባክህ።»

«ያስገቡኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ፤ አሁን አትግባ ይሉኛል?» ተነሥቶ አፈሩን አራገፈ። «ደግሞ እየተሻለኝ ነው። ትናንት ዘጠኝ እርምጃ፣ ዛሬ አሥር። የተደበቅኩት መሞከሬን ካወቁ ሳልድን ያስገቡኛል ብዬ ነበር፤ ልብሴ ይናገራል ብዬ ግን አላሰብኩም። ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ?»

እህቴ የዚያኑ ዕለት ጋዜጠኛውን በሩ ላይ ጠብቃ ተሳስቻለሁ፣ አስተካክልልኝ አለችው። ጋዜጠኛው ዓይኖቹ አበሩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ነው ያስፈራራዎት?» አላት።

«ማንም።»

«እትዬ፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«ስላፈርኩ ነው የሚንቀጠቀጠው!»

አመሻሹ ላይ ምንጫችን ጫና ደርሶባታል ብሎ አወራ። ሊቀመንበሩ ጋም ሄደች። የሐሙስንና የዓርብን ልብስ ይዛ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሊቀመንበሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና «ማን ላከሽ? ወጌሻው ነው?» አላት። ራሴ ነኝ የመጣሁት ብትለው፣ «አጣቢ ነሽ ወይስ ሐኪም? ይሄን አንሺልኝ፤ ይሸታል» አላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር ኖራ፣ እውነት ልትናገር በወጣች ቀን የሚያምናት አጣች።

ቅዳሜ እንደ ወትሮዋ ገባች። ሥራዋን ሠራች፤ ማልያዎቹን ተኮሰች። ዘጠኝ ቁጥርንም ተኩሳ ምስማሩ ላይ ሰቀለች። የቅዳሜው ከረጢትም ሞልቶ መጣ። አላጠበችውም። የሦስቱን ቀን ልብስ ለየብቻ ጋዜጣ ላይ አስቀመጠች።

እሁድ ተጫዋቾቹ ከአውቶቡስ ሲወርዱ በሯ ላይ ቆማ ዘጠኝ ቁጥሩን ጠራችው። ማልያው እዚህ ነው፣ ግባና ውሰድ አለችው። ሲገባ በሩን ገርበብ አደረገችው። እኔ ኳሶቹን በመረብ ይዤ ከውጭ ነበርኩ።

መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ሦስቱን ቀን በተርታ ዘርግታዋለች።

«እኔ የምለውን አትመን» አለችው። «የማልታመን ሰው ነኝ። ራስህ እይ። ይሄ የሐሙስ ነው። የቁምጣው ግርጌ ብቻ አፈር ነክቷል፤ እጅጌው ንጹሕ ነው። ተንበርክከህ ራስህን ችለሃል። ይሄ የዓርብ ነው፤ እጅጌውም አፈር አለው። በእጅህ ተደግፈሃል ማለት ነው። ይሄ የትናንቱ ነው። ትከሻው፣ ጎኑ፣ አንገቱ ሳይቀር አፈር ነው። ትናንት አልተንበረከክም፤ በሙሉ ቁመናህ ወድቀሃል።»

«አሥራ ሁለት እርምጃ ነው የሄድኩት» አለ ልጁ።

«በየትኛው እግርህ?» ካልሲዎቹን አሰለፈችለት። «የሐሙሱ ቀኝ ጣቶቹ ጋ ትንሽ ጠቁሯል። የዓርቡ ከዚያ ያነሰ ነው። የትናንቱ ካልተነካ አይለይም። እርምጃህ ጨምሯል፤ ግን እግርህ ወደ ኋላ እየሄደ ነው ልጄ። ይሄን ሬዲዮ አላለም፣ ወጌሻውም አላለም። የራስህ ካልሲ ነው።»

ልጁ የቅዳሜውን ካልሲ አነሣ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው፤ ልክ እሷ እንደምታደርገው። ገለበጠው። ከዚያ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ከውጭ የደጋፊ ጩኸት ይመጣል፤ ከላያችን መቀመጫው ላይ ሰዎች እግራቸውን ሲያንኳኩ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል።

«የሚያጋንን መስሎኝ ነበር» አለ። «ወጌሻው። ለራሱ ሲል መስሎኝ ነበር።»

የተተኮሰውን ማልያ ሳይነካ ወጣ። አሰልጣኙ ኮሪደሩ ላይ ነበር። «አልችልም» አለው። «ፈርሜ የምሰጠው ነገር ካለ አምጡልኝ።»

ያን ቀን በተራ ልብሱ መቀመጫው ላይ ሕዝብ መሃል ተቀመጠ። እህቴ ሽርጧን ሳትፈታ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እኔ በወዲያኛው ጎኗ። «ከአልጋህ ተነሣ!» እያሉ ከየአቅጣጫው ይጮኹበታል። የውሃ ፕላስቲክ ተወርውሮ የእህቴን ትከሻ መታት። ማን እንደወረወረው ዞራ ፈለገችና ስታጣ ሁሉንም በዓይኗ ገረፈቻቸው። ከዚያ ወደ ሜዳው ተመለከተች።

«ያ ጥቁር የለበሰው ለማንም አያቀብልም እንዴ?» አለችኝ።

«ዳኛው ነው እትዬ።»

«ልብሱን ማን ያጥብለታል?»

ዘጠኝ ቁጥሩ በዚያን ቀን አንድ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነው። አንድ ለአንድ ወጣን፤ አልበቃንም፤ ወረድን። ክለቡ ውሉን አላደሰለትም፤ ስሙን ግን እንደ ዛተው በየጋዜጣው አወጣው። ወጌሻውም በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት ፈርም ተባለ። እህቴን ማንም ስላላመናት ማንም አላባረራትም።

ዘጠኝ ቁጥሩን ከዚያ በኋላ ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። እህቴ ቤት ተቀምጠን ነበር። ለሌላ ከተማ ክለብ ተሰልፎ፣ ከሜዳው መሃል ኳስ ይዞ ሁለት ተከላካይ አልፎ ሮጠና አገባ። ጎረቤቶች በመስኮት ጮኹ። ጋዜጠኛው ከክፍሉ ወጥቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። ፊቱ በደስታ አብርቷል።

«አላልኩም?» አለ። «አላልኳችሁም? በዚያ እግሩ! ለእነሱ ሲያስቀምጠው አልነበር?»

ግቡን በዝግታ ደግመው አሳዩት። ቀኙ መሬቱን እየመታ፣ እየመታ ይሄዳል። ያን ማለዳ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሆኖም እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ለአንድ አፍታ «እንዴት እንዲህ ቶሎ?» የሚል ነገር በልቤ ሽው አለ።

እህቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሣ «አሥራ አንድ ወር ነው» አለች። «ቁጠር።»

ለጋዜጠኛው ትበል ለእኔ አላወቅኩም። እጄን ኪሴ ከትቼ በጣቶቼ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ነበር።